ለዛሬ ያስቀመጠችው የባሏ ድምፅ

"አክስቴ፣ አንዴ አጥፊውና እንገላገል! ሰው እየጠበቀ እኮ ነው…"

ኔኒታ እጇ ማውሱ ላይ ቀረ።

ኮምፒውተሩ በቀይ ጽሑፍ "ይህ ፕሮግራም አደገኛ ነው" እያላት ነው።

"ኤርዊን… አደገኛ ነው ይላል እኮ።"

"ኧረ ባክሽ! አንቲቫይረስ ሰው ሁሉ ሌባ ይመስለዋል… ልክ እንደ ጎረቤትሽ!"

ሳሎኑ በሳቅ ፈረሰ።

ኤርዊን የእህቷ ልጅ ነው። ዕለቱ ደግሞ የባሏ የዴልፊን ሙት ዓመት።

ጠዋት ጸሎቱ ተደርጎ ጥቁሯን አውልቃለች። አሳማው ተጠብሷል፣ ዘመድ ከኢሎይሎ ከተማ ዳር እስከ ዳር ተሰብስቧል… ዓመት ሙሉ ዝም ባለው ቤት ዛሬ ይዘፈናል።

ዜማ እያጫወተ ሰው እንዲያዘፍን የተከራዩት የካራኦኬ ማሽን ግን እምቢ አለ።

ኤርዊን ከኢንተርኔት በነጻ ያወረደው የካራኦኬ ፕሮግራም ደግሞ "መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ" ይላል።

እንግዳ ጠርቶ ያለ ዘፈን መሸኘት ነውር ነው። ኔኒታ አፈረች… አጠፋችው።

እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ምን እንዳለ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

ዴልፊን መርከበኛ ነበር። ታሞ የሞተው ባሕር ላይ ነው። ከመሞቱ ከአንድ ቀን በፊት ለሚስቱ የቀዳው ድምፅ በሚሞሪ ካርድ ከልብሶቹ ጋር መጣላት።

ኮምፒውተሩ ላይ ገለበጠችው። ካርዱን አጽድታ ለልጇ ስልክ ሰጠች።

አላዳመጠችውም።

"ጥቁሬን ባወለቅሁ ቀን እሰማዋለሁ፤ አሁን አልችልም" ብላ ነበር።

ቀኑ ዛሬ ነው… እንግዳው ሲሸኝ።

ሦስት ዘፈን ተዘፈነ። አራተኛው መሃል ስክሪኑ ጠቆረ።

"ፋይሎችህ በሙሉ ተቆልፈዋል። ለማስከፈት ክፈል።"

ኤርዊን ቢነካካውም እምቢ አለ። ሰፈር ያለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ተጠርቶ መጣ።

"እናቴ፣ ሌላ ቦታ ኮፒ አለሽ?"

"የለኝም… ብከፍላቸውስ?"

"ሌባ ቃል አለው እንዴ? ከፍለው ያላገኙ ስንት አሉ። ያለ ቁልፉ ደግሞ እኔ ልከፍተው አልችልም።"



ያኔ አንድ ሽማግሌ ከጥግ ተነሳ። ሳልቫዶር ይባላል፣ የመርከቡ ምግብ አብሳይ ነበር።

"እህቴ… ያን ቀን ስልኩን ይዤ የቀዳሁለት እኔ ነኝ።"

ኔኒታ ክንዱን ጨመደደችው።

"ምን አለ? ንገረኝ ወንድሜ! ምን አለኝ?"

ሽማግሌውን እንባ ቀደመው።

"'ኔኒ' ብሎ ስምሽን ጠራ… ከዚያ ወደ እኔ ዞረና 'ሳልቫ፣ ስልኩን ትራሱ ላይ አስደግፈህ ውጣልኝ፤ ይሄ ለሚስቴ ብቻ ነው' አለኝ።"

"እሺ… ከዚያስ?"

"በሩን ዘግቼለት ወጣሁ።"

ኔኒታ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ኤርዊን እግሯ ላይ ወድቆ ሲንሰቀሰቅ "ተነስ… ማጥፊያውን የተጫንኩት እኔ ነኝ" ብቻ አለችው።

ወገኖቼ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። የኔኒታ ውሻ፣ ያ አንቲቫይረስ፣ ግን ጅቡ ሳይመጣ ነበር የጮኸው… አፉን ያስያዝነው እኛው ነን!

ኮምፒውተራችሁ "ተው" ሲላችሁ ስሙት። የማይተካውን ነገር ሌላ ቦታ ገልብጣችሁ፣ ከኮምፒውተሩ ነቅላችሁ አስቀምጡ።

የምትወዱት ሰው የላከላችሁን ደግሞ ለነገ አታሳድሩት።

እናንተ በኔኒታ ቦታ ብትሆኑ ኤርዊንን ይቅር ትሉት ነበር? አንድ ቦታ ብቻ ያለ፣ ቢጠፋ የማይመለስ የማን ድምፅ አላችሁ? ኮመንት ላይ ጻፉት… ግን መጀመሪያ ኮፒ አድርጉት።