ከበበው የቀዳው ውሃ

መካኒሳ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞርኩ የተጠራቀመ ውሃ አስደፋለሁ። ውሃ በሳምንት አንዴ የሚመጣለት ሰው በርሜልህን ድፋ ሲባል የሚመልሰውን ስድብ ጽፌ ብይዘው ኖሮ መጽሐፍ ይወጣው ነበር።

አምሳለ ግን አልሰደበችኝም። ባሏ ከበበው በደንጊ ትኩሳት ከሞተ አስራ ሁለት ቀኑ ነው። አሁን ደግሞ ልጃቸው ቲና አተኩሷት ቤት ውስጥ ተኝታለች።

«እህቴ፣ በሽታውን የሚያመጣው ትንኝ የሚፈለፈለው እዚህ ውሃ ውስጥ ነው። ለልጅሽ ስትይ ድፊው።»

«እሱ ለመጨረሻ ጊዜ የቀዳው ነው። አንተ ብትሆን የሚስትህን ትደፋለህ?»

«እኔ ሚስት የለኝም።»

«ያስታውቃል።»

የበርሜሉን ክዳን አነሳሁት። ውሃው እጭ በእጭ ሆኗል። እጭ ጥላ ሲያርፍበት ወደ ታች ይጠልቃል፤ ጥላው ሲነሳለት አየር ለመሳብ ይወጣል። ጎንበስ ስል ሁሉም ጠለቁ። ሲወጡ እንድታያቸው ሁለታችንም ወደ ኋላ ፈቀቅ አልን። አልወጡም።

እኩለ ቀን ነው፤ ግቢው ውስጥ አንድ ዛፍ እንኳ የለም። ውሃው ላይ ግን ጎንበስ ያለ፣ ኮፍያ ያደረገ ሰው ጥላ አርፏል።

«በየቀኑ በዚህ ሰዓት ነው የሚመጣው» አለች አምሳለ ቀስ ብላ።

በርሜሉን ልገለብጠው ስጠጋ እጄን ያዘችኝ። በዚያው ቅጽበት ከጥላው ጎን ሹሩባ የተሠራች ትንሽ ልጅ ጥላ ብቅ አለ።

አምሳለ እጄን ለቀቀችኝ።

«ቲና!» አለች ወደ ቤቱ ዞራ። «ቲናዬ!»

ከቤት የመለሰላት የለም።