የተከላካዩ ጥርሶች

ሓበን እጁን ታጥቦ ወደ ምሳው ከመቅረቡ በፊት አራቱን ሰው ሠራሽ የፊት ጥርሶቹን አውልቆ በሶፍት ጠቀለላቸው። በስምንት ዓመቱ አጎቱ ስዊድን ወስዶት፣ እዚያው አድጎ ዐሥራ ሁለት ዓመት በበረዶ ሆኪ ተከላካይነት ተጫውቶ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም እናቱ ቤት የገባው ገና ትናንት ነበር። እናቱ ለተ ሚካኤል የወጡን ጭልፋ እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

«ማነው እንዲህ ያደረገህ?»

«ጨዋታ እኮ ነው፣ እማዬ።» እየሳቀ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ከፈተላት። ሁለት ግዙፍ ሰዎች ጓንታቸውን ጥለው በቡጢ ይደባደባሉ። አንደኛው ልጇ ነው፤ ደሙ በረዶው ላይ ይንጠባጠባል።

«ይኼ ቆሞ የሚያየውስ ማነው?»

«ዳኛው ነው።»

«ለምን አይገላግልም?»

«አንዳችን እስክንወድቅ ይጠብቃል።»

«ሕዝቡስ?»

«ያጨበጭባል። እኔን የሚወዱኝ ለዚህ ነበር።»

ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ወረወረችው፤ ወጡ ግድግዳው ላይ ተረጨ። «ይንቀላቸው! የሰው ልጅ ሲደማ ያጨበጭባሉ? አንተስ ብትሆን! በየእሁዱ ስደውል ደህና ነኝ ትለኝ አልነበር?» ጩኸቷ ግቢው ድረስ ወረደ።

ሓበን ሊያረጋጋት ብድግ አለ። ሥራዬ ነበር ሊላት አፉን ከፈተ። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ዓመት አሰልጣኙም ሐኪሙም ደሙን ጠርገው ወደ ሜዳ መለሱት እንጂ፣ ስለ እሱ የተቆጣ አንድም ሰው አልነበረም። አሁን እሱም ተናደደ።

«ያመኝ ነበር፣ እማዬ» አለ። «በጣም ያመኝ ነበር።»