ቀጭኑ ጥይት

ጉግሳ ጥይት ሊመርጥ ባሻ ወልደገብርኤል ቤት የሄደው ሐሙስ ማታ ከሥራ ሲወጣ ነው። ዘመኑ 1959 ዓ.ም. ነበር። ጉግሳ በአዋሽ ባቡር ጣቢያ ቴሌግራፍ ይመታል። ከደብረ ብርሃን ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ተኩሶ እንደማያውቅ ከተማው ሁሉ ያውቃል። አዋሽ ትንሽ ከተማ ናት፤ ማን ምን እንደማይችል አይደበቅም።

ባሻ ስመ ጥር አዳኝ ናቸው። የባቡር ሐዲድ ሲጠብቁ ኖረው በጡረታ ወጥተዋል፤ የቤታቸው ግድግዳ በሳላና በአጋዘን ቀንድ ተሞልቷል። ልጃቸውን የሻረግን ለማግባት ሁለት ጎረምሶች ሽማግሌ ልከውባቸዋል። አንዱ ጉግሳ ነው፤ ሌላው ከወንዙ በታች ባለው የጥጥ እርሻ ትራክተር የሚነዳው ይልቃል።

ሽማግሌዎቹ በመጡ ዕለት ባሻ ልጃቸውን ጓዳ አስገብተው፣ በር ዘግተው ማንን እንደምትሻ ጠየቋት። ሲወጡ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። ለሁለቱም ወገን የሰጡት መልስ አንድ ነው።

«ግዳይ ላልጣለ ልጄን አልሰጥም። ቅዳሜ ሁለቱም ከኔ ጋር አደን ይውጡ።»

ከዚያ ወዲህ ይልቃልን ሲያገኙ ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል። ለጉግሳ ግን ሰላምታቸው እንኳ አጥሯል።

ሐሙስ ዕለት ይልቃል ቀድሞ ደርሶ ተቀምጦ ነበር። ባሻ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጥይት አቆሙ። አንዱ የውጅግራ፣ የዚያ የጥንት ጭሳም ጠመንጃ ነው፤ አውራ ጣት ያክላል፣ አረሩ ድፍን እርሳስ ነው። ሌላው ከጣሊያን ጦር የቀረ ቀጭን ጥይት ነው።

«የቱን ልያዝ ባሻ?» አለ ጉግሳ።

«ቀጭኑን።»

ይልቃል ሳቀ። «ይሄ እኮ የቆቅ ነው።»

«አንተ ትከሻ አለህ፤ ውጅግራውን ትይዛለህ» አሉት ባሻ። «ይሄ ቴሌግራፍ ሲነካካ የሚውል ነው። ለጀማሪ ትልቅ ጥይት አይበጅም። ሰደፉ አንዴ ከደቆሰው፣ በሁለተኛው ገና ምላጭ ሳይስብ ዓይኑን ይጨፍናል። ዓይኑን የጨፈነ ሰው የሚመታው ንፋስ ነው። ቀጭኑን የናቀ ይናቅ፤ እኔ ሠላሳ ዓመት የተኮስኩት በዚሁ ነው። ቦታውን ካገኘ ጎሽም ይጥላል።»

ምክሩ ልክ ነበር። አነጋገሩ ግን ይቆረቁራል። የሻረግ የጓዳው በር ላይ ቆማ ሰምታለች። ጉግሳ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ሁለት ሰው ባንድ አውሬ ላይ ከተኮሰ ክርክር የለም» አሉ ባሻ። «ደንቡ የታወቀ ነው፤ ከሥጋው የሚወጣው አረር ይመሰክራል። ወፍራም ከሆነ የይልቃል፣ ቀጭን ከሆነ የጉግሳ።»

ቅዳሜ ጠዋት አማን የሚባል አፋር ዱካ አዋቂ እየመራ ወደ ወንዙ ወረዱ። ባሻ ሁለቱን ጎረምሶች ከግራር ሥር ጎን ለጎን አንበረከኳቸው። እሳቸው የራሳቸውን ጠመንጃ እንዳነገቱ «ነፋሱን ልይ» ብለው ከኋላ ቀሩ። ጉግሳ ማጅራቱ ላይ ዓይናቸው ተሰማው። ውርደቴን በቅርብ ሊያዩ ነው አለ በልቡ።

ቀንዱ የተጠማዘዘ ትልቅ አጋዘን ከቁጥቋጦው ወጣ።

«እቆጥራለሁ» አሉ ባሻ በሹክሹክታ። «ሦስት ስል አብራችሁ ትተኩሳላችሁ። ቀድሞ የተኮሰ ከኔ ጋር አይመለስም።»

ሦስት ሲሉ ውጅግራው አጓራ። ጭሱ ሁሉንም አለበሳቸው፤ ለጥቂት ጊዜ የሚታይ ነገር አልነበረም። ጭሱ ሲገፈፍ አጋዘኑ ወድቋል።

ጉግሳ አልተኮሰም። አጋዘኑ ቀና ብሎ ሲያየው ጣቱ ምላጩ ላይ ደርቃ ቀረች። እንዲህ ያለ ወንድ ሚስት ይጠይቃል ብሎ ራሱን ረገመ።

ይልቃል ፉከራውን ጀመረ። ባሻ ግን ወደ ጉግሳ መጥተው ጠመንጃውን ከእጁ ወሰዱ። «ለጀማሪ የጎረሰ መሣሪያ አያስይዙም» አሉና ዞር ብለው ራሳቸው አራገፉት።

አማን ቆዳውን ሲገፍ ከብብቱ ሥር አረር አወጣ። በመዳፉ አንከባለለው። ባሻን ረዘም ላለ ጊዜ አያቸውና ለጉግሳ ሰጠው።

«ቀጭን ነው። ያንተ ነው» አለ።

የይልቃል ፉከራ አፉ ላይ ቀረ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጉግሳን አቅፎ ሳመው። «የቆቅ ነው ያልኩበት አፌ ይቆረጥ» አለው።

ጉግሳ አረሩን ጨብጦ አንገቱን ደፋ። ጨዋነት መሰላቸው።

ከተማው በእልልታ ተቀበለው። አናቱ ላይ ቅቤ አደረጉለት። የጣቢያው ሹም ከወንበራቸው ተነሥተው ጨበጡት፤ የሻረግ በአጥር ላይ አይታው ሳቀች። ጀግና በተባለ ቁጥር በጥፊ እንደተመታ ይሆናል። አጋዘኑን የጣለው ይልቃል ከሆነ ቀጭኑን አረር ማን አመጣው? ባሻ ናቸው፤ ከኪሳቸው አውጥተው ለአማን አቀብለውት ይሆናል። ሠርጉ ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ እስቲ አገዳደልህን ፎክር ሊሉትና ሊያጋልጡት ነው። ለዚህ ካልሆነ ለምን?

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ባሻ ቤት ሄዶ ፊታቸው ቆመ።

«ባሻ፣ እኔ አልተኮስኩም። ፈራሁ። አረሩ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ልጅዎንም ከእንግዲህ አልጠይቅም። ሰው ፊት ከሚያዋርዱኝ ግን እዚሁ ይስደቡኝ።»

ባሻ ተነሥተው በሩን ዘጉ።

«ለሰው ተናገርህ?»

«አልተናገርኩም።»

«ለየሻረግስ?»

«ለሷም።»

ባሻ ቁጭ አሉ። ያን ሰው ሁሉ የሚፈራውን ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ።

«የኔንም የመጀመሪያ ግዳይ የጣሉልኝ አማቴ ናቸው፤ እኔ ግን እንዳንተ መጥቼ ለመናገር ወንድነቱ አልነበረኝም።»