የጋሽ ካሮሊስ ቀይ ምራቅ

«እዚህም ተፍተውበታል!»

የወደፊት አማቼ ሩክማል አንድ እግሩን አንስቶ እንደ ሽመላ ቀረ...

ይሄ አራተኛው ድንጋይ ነው። አራተኛው!

ሐሙስ እህቴን ዲልሃኒን ያገባል። ዛሬ ማክሰኞ ነው።

ልጁ ከተራራው፣ ከሻይ አገር የመጣ ነው። ባህር የሚያውቀው በስልኩ ነው... «ከድንጋይ ላይ ባህር ውስጥ ሳልዘል አላገባም» ብሎ ድርቅ!

እህቴ ደግሞ ስንወጣ በር ላይ ክንዴን ይዛ...

«ደህና መዝለያ ፈልግለት። ሙሉውን ወስደህ ሙሉውን መልስልኝ። አንድ ጥርስ ቢጎድለው አንተን ነው የምቀብርህ» ብላኛለች።

እሷ ደግሞ ያለችውን ታደርጋለች።

እንግዲህ ደህና ቦታ ፍለጋ ከጠዋት ጀምሮ የባህሩን ዳር ስንዞር ሁለት ጫማ ጨርሰናል... ግን ጋሽ ካሮሊስ የት ያስቀምጡናል?

ጋሽ ካሮሊስ የመንደራችን ሽማግሌ ናቸው። ቡላት የሚባል ቅጠል ያኝካሉ።

እኛ ጋ ቡላት የማያኝክ ሽማግሌ የለም። ቅጠሉ አፍን ቀይ አድርጎ ያስተፋል። ሌላው ሰው ግን ጓሮው ሄዶ ይተፋል...

እሳቸው ባህር ዳር ድረስ ወርደው ድንጋይ ላይ! ያውም ጎረምሳ ሊዘልበት የሚመኘውን እየመረጡ!

ዝናብ ሲያጥበው በማግስቱ ይደግሙታል። በሦስት ዓመት የተፉት ቢጠራቀም መንደሩን በሙሉ ቀለም ይቀባ ነበር። «ቀይ ቧንቧ» ብዬ ስም ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ።

ንጹሕ የነበረው አንድ ድንጋይ ብቻ ነው... «የሸርጣን አፍንጫ» የምንለው አጭሩ።

«በቃ እዚህ ዝለል» አልኩት።

«ይሄ ደረጃ እንጂ ድንጋይ ነው? ያቺ ሕፃን እኮ አፍንጫዋን ይዛ እየዘለለች ነው!»

«አንተም አፍንጫህን ያዛ!»

«እኔ ያንን ነው የምፈልገው» ብሎ ጣቱን ቀሰረ።

«የዝሆን ጀርባ» ነው። ረጅሙ። ሦስት ቦታ በምራቅ የቀላው።

በጣም ተናደድኩ... በሽማግሌውም፣ በሙሽራውም፣ በእህቴም።

ሮጬ ባልዲ፣ ሳሙናና የኮኮናት ቃጫ አመጣሁ። ግማሹን ባህር አፈሰስኩበት። ፈገፈግኩት... ፈገፈግኩት... ድንጋዩ ፊቱ ቆመው ጢም የሚላጩበት መስታወት ሆነ።

«በል ዝለልና ገላግለኝ!»

ሩክማል ሸሚዙን አወለቀ። ነጭ ሽርጡን ጠበቅ አደረገ። ሊንደረደር ወደ ኋላ ሄደ...

ይሄኔ ጋሽ ካሮሊስ ሽርጣቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ሲሮጡ መጡ!

«እምምፍ! እምፍፍፍ!»

ጉንጫቸው በቡላት ተወጥሮ ሊፈነዳ ደርሷል።

«ምን እያሉ ነው?» አለ ሩክማል።

«እኔ እንጃ... እየመረቁህ ይሆናል።»

ሳቅን። ሩክማል መንደርደር ጀመረ...

ሽማግሌው ፊቱ ድቅን አሉና...

ጡፍፍፍ!!

ከደረቱ እስከ ሽርጡ... ቀይ በቀይ።

«አብደዋል እንዴ ሰውዬ?! ሽማግሌ ባይሆኑ...»

ጋሽ ካሮሊስ እያለከለኩ በጣታቸው ወደ ታች አሳዩት።

ማዕበሉ ወደ ኋላ ተሰበሰበ... ውኃው ሲሸሽ ሊያርፍበት ባሰበው ቦታ ላይ እንደ በሬ ቀንድ የሾለ ጥቁር ድንጋይ ብቅ አለ።

ከዚያ ውኃው ተመለሰ። ሰማያዊ... ለስላሳ... ምንም እንደሌለ።

ሩክማል ቁጭ አለ። እኔም አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

«ማነው ያጠበው?» አሉ ጋሽ ካሮሊስ።

ባልዲውን ከኋላዬ ደበቅኩ። ትልቅ ባልዲ ነው... አልተደበቀም።

«እኔ ነኝ ጋሼ... ቆሻሻ መስሎኝ...»

«ቆሻሻ?! በዚህ ዕድሜዬ በየጠዋቱ ዱላ ይዤ ባህር ገብቼ የምለካው ለቆሻሻ ነው? ማዕበሉ ከሥር ድንጋይ ያንከባልላል! አምና ጥልቅ የነበረው ዘንድሮ ጥርስ አብቅሏል!»

«ታዲያ ለምን አይናገሩም?»

«መች ዝም አልኩ! አደገኛ ነው ስላቸው ጀግና ነን ብለው ዘለሉ። ጋኔን አለበት ስላቸው ሊቀርጹት ስልክ ይዘው መጡ። ሰሌዳ ተከልኩ... ሰሌዳው ላይ ወጥተው ዘለሉ! ምራቅ ላይ እግሩን የሚያሳርፍ ጎረምሳ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።»

«እኛ እኮ ቡላት ስለሚወዱ ነው ብለን...»

«ማን? እኔ? ምላሴን ያቃጥለኛል! አራት ጥርስ ነው የቀረኝ፤ እሱንም እናንተ ጨረሳችሁት!»

ሩክማል በቀጭን ድምፅ ጠየቀ... «ታዲያ ደህናው ቦታ የቱ ነው ጋሼ?»

«ያልተፋሁበት ነዋ፣ አንተ ደደብ!»

የሻይ አገሩ ጀግና ከሸርጣን አፍንጫ ላይ ዘለለ... አፍንጫውን ይዞ። ሕፃኗ ከታች ሆና «እግርህን አጠፍ አድርግ እንጂ!» እያለች አሠለጠነችው።

ሐሙስ ሠርጉ ደረሰ።

እኛ ጋ ሙሽሮች ጎንበስ ብለው ለወላጆቻቸው እቅፍ የቡላት ቅጠል ይሰጣሉ። ዲልሃኒ የመጀመሪያውን እቅፍ ይዛ እናታችንን አለፈቻት... አባታችንንም አለፈችው... ጥግ የተቀመጡት ጋሽ ካሮሊስ እግር ሥር ተንበረከከች።

ሽማግሌው ቅጠሉን አይተው ፊታቸው ተኮማተረ።

«ሠርግ ላይ እንኳን አታሳርፉኝም?»

ግን በሁለት እጃቸው ተቀበሏት። አገላበጡና ወደ እኔ ዞረው...

«ለሦስት ድንጋይ ይበቃል። ባልዲውን ግን ከዚህ ልጅ ቀሙልኝ።»

አሁን በየጠዋቱ አብሬያቸው እወርዳለሁ። የዝሆን ጀርባ የእኔ ድርሻ ሆኗል። ምላሴ ተቃጥሏል፣ አተፋፌ ገና ነው፤ ግማሹ ሽርጤ ላይ ይቀራል...

ወዳጆቼ፣ ያስጠላን ነገር ሁሉ ሊጎዳን የመጣ አይደለም። አንዳንዱ ሰው ልመናውን አልሰማ ስንለው ነው መጠላትን መርጦ የሚጠብቀን። ባልዲ ከማንሳታችን በፊት «ለምን?» እንበል።

እናንተስ... ሳትጠይቁ ያጠባችሁት የማንን ምራቅ ነው? ሳታፍሩ ከሥር ጻፉልኝ... እኔ አላፈርኩም!