ከቁምሳጥኑ በስተጀርባ

የከተማችን የሆሎኮስት ሙዚየም ሁለት ክፍልና አንድ መደበቂያ አለው። ሀንጋሪ ውስጥ ከዚህ የሚያንስ ሙዚየም የለም፤ ይህንንም በኩራት እንናገራለን።

መደበቂያው እውነተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 አይሁዳዊው መድኃኒት ቀማሚ ሼንበርገር ከሚስቱና ከዘጠኝ ዓመት ልጁ ከኢምሬ ጋር፣ እዚህ ቁምሳጥን ጀርባ አርባ ቀን ተቀመጠ። ላባ የተሰካበት ቆብ ያጠለቁት ፖሊሶች ሁለት ጊዜ ቤቱን በርብረው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በሦስተኛው ግን ቀጥ ብለው መጥተው አንድ ሳንቃ እንኳ ሳይሰብሩ አወጧቸው። ባልና ሚስት አውሽቪትስ የሞት ካምፕ ውስጥ አለቁ። የኢምሬ ስም በየትኛውም ዝርዝር አልተገኘም።

ለዳይሬክተሯ ለወይዘሮ ኤቴልካ ይህ ትልቅ ተስፋ ነበር። ባለፈው ክረምት ከእልቂቱ ተርፈው የሙዚየሙ የመጨረሻ ምስክር የነበሩት አሮጊት አርፈዋል፤ በሞታቸውም ማንም አልወቀሳቸውም። ትምህርት ቤቶቹ ግን «በሕይወት ያለ ምስክር ከሌለ ተማሪ አንልክም» አሉ። እስከ ሰኔ ምስክር ካልተገኘ ሙዚየሙ ይዘጋል።

ትምህርቱ በሚገባ የታሰበበት ነው። ተማሪዎች ስልካቸውን ቅርጫት ውስጥ ይጥላሉ፣ መደበቂያው ውስጥ ይገባሉ፣ በር ሆኖ የሚያገለግለው ቁምሳጥን ይዘጋል፣ መብራት ይጠፋል፣ ሁለት ደቂቃ ዝም ይላሉ። ሲወጡ የተሰማቸውን በሦስት ቃል ይጽፋሉ። ብዙዎቹ «ፈራሁ፣ አዘንኩ፣ ራበኝ» ይላሉ። ወይዘሮ ኤቴልካ ሦስተኛውን ከሁሉም ያስበልጡታል።

ለደህንነት ሲባል በሩ ከውስጥ አዲስ እጀታ ተገጥሞለታል። ሌላ ጊዜ ክፍት ስለሚውል፣ ከውጭ የሚከፈትበትን የጥንቱን ዘዴ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የፈለገውም አልነበረም።

በግንቦት አንድ ማክሰኞ አሥራ አንድ ተማሪዎች መጡ። ከኋላቸው ትኬት የቆረጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሰማንያ ይሆናቸዋል። ቆባቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቁምሳጥኑን ብቻ ያያሉ።

«ስምዎ ማን ይባላል አባቴ?» አሉ ወይዘሮ ኤቴልካ።

«ቪልሞስ ቦዶር።»

«እዚህ ከተማ ኖረው ያውቃሉ?»

«በልጅነቴ።»

ወይዘሮ ኤቴልካ ልባቸው ዘለለ። ስም የሚለወጥ ነገር ነው።

«ይግቡ እንግዲህ።»

«እኔ ውጭ ብቆይ ይሻለኛል።»

«ፕሮግራሙ ለሁሉም ነው» ብለው ክርናቸውን ይዘው አስገቧቸው። ሽማግሌው ሲንቀጠቀጡ ተሰማቸው። ወይዘሮ ኤቴልካ ደስ አላቸው።

በሩ ተዘጋ። መብራት ጠፋ። ለሦስት ሰው በተሠራ ቦታ አሥራ ሦስት ሰው ዝም አለ።

ሁለቱ ደቂቃ ሲያልቅ ወይዘሮ ኤቴልካ እጀታውን ሳቡት። እጀታው እጃቸው ላይ ቀረ።

«እሱም የፕሮግራሙ አካል ነው?» አለች ኖኤሚ የምትባል ተማሪ።

«ዝም በይ።»

«ዝም ብዬ ሁለት ደቂቃ ጨርሻለሁ፣ ወይዘሮ ኤቴልካ።»

ሳቅ ሆነ። ከዚያ ሳቁ አለቀ። አየሩ ከበደ። የአንዱ ትንፋሽ የሌላውን አንገት ያሞቃል። አንዱ ማልቀስ ጀመረ፤ ሌላው «አትግፋኝ አልኩህ!» ይላል። ወይዘሮ ኤቴልካ ሳንቃውን ደበደቡ።

«ቦልዲዣር! ቦልዲዣር!»

ዘበኛው ቦልዲዣር ከውጭ መጣ። ቁምሳጥኑን ሳበው፣ ገፋው፣ ሰደበው።

«እንቢ አለ እመቤቴ። መጥረቢያ ላምጣ?»

«እንዳትነካው! ቅርስ ነው!»

«እናንተስ ቅርስ ሆናችሁ ልትቀሩ ነው?»

«አየር የለም!» ብላ ኖኤሚ ጮኸች። «ይስበረው! ታፍነን ልናልቅ ነው እኮ!»

ሽማግሌው እስከዚያ ድረስ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ አፋቸውን በቆባቸው ይዘው ነበር። ቆቡን አወረዱት።

«ልጄ ቦልዲዣር፣ ትሰማኛለህ?»

«እሰማለሁ አባባ።»

«ተንበርከክ። ከታች ያለውን መደርደሪያ በግራ እጅህ ወደ ላይ አንሳው።»

«አነሳሁ።»

«እንደዚያው እንደያዝክ፣ የጎኑን ሳንቃ ወደ መስኮቱ በኩል ግፋው። አትቸኩል፤ ከቸኮልክ ይጮኻል።»

አንድ ነገር ቀጭ አለ። ብርሃን ገባ። ልጆቹ እየተጋፉ ወጡ፤ አንዱ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ትንፋሹን ሰበሰበ።

ወይዘሮ ኤቴልካ አልወጡም። የሽማግሌውን እጅ ይዘው ቆሙ።

«ኢምሬ» አሏቸው ቀስ ብለው።

ሽማግሌው እንባቸው ዱብ አለ።

«ያንን ስም አፌ ከጠራው ሰባ ዓመቱ።»

ወይዘሮ ኤቴልካም አለቀሱ። ኖኤሚ ሽማግሌውን አቅፋ «አባባ፣ አተረፉን» አለች። ቦልዲዣር እንኳ ባርኔጣውን አወለቀ። በሙዚየሙ ታሪክ እንዲህ የተሳካ ትምህርት ተሰጥቶ አያውቅም።

ደንብ ደንብ ነውና፣ ለቅሶው ሲበርድ ወይዘሮ ኤቴልካ የምስክሮችን ቅጽ አመጡ። ሽማግሌውን ወንበር ላይ አስቀመጡ፣ ውሃ ሰጧቸው፣ በሩንም ዘጉ።

«እኔ ልሂድ» አሉ ሽማግሌው። «ላየው ብቻ ነበር የመጣሁት።»

«የትም አይሄዱም! እርስዎን ስንፈልግ ኖረን? ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ማክሰኞ ማክሰኞ ለልጆቹ ይነግሩልናል። ሙዚየሙ አይዘጋም ማለት ነው እኮ፣ አባቴ!»

«ልጆቹ እውነቱን መስማት አለባቸው?»

«ሌላ ምን ሊሰሙ!»

ሽማግሌው በሩን አዩት። ተዘግቷል። ወይዘሮ ኤቴልካ ብዕራቸውን አነሱ።

«በመደበቂያው ውስጥ ምን ያህል ጊዜ ቆዩ?»

«ሃያ ደቂቃ፤ የዛሬዋን ብቻ» አሉ ሽማግሌው። «አከፋፈቱን ኢምሬ ለእኔ አሳየኝ፤ እኔ ደግሞ ለፖሊሶቹ።»