ለጅቡቲ ዓሣ የተቀመጠ ብር

ነገሩ የመቶ ስድሳ ሺህ ብር ነበር። ግማሹ የአቶ ፈቃደ፣ ግማሹ የነስረዲን።

ሁለቱ ሰዎች ተክለ ሃይማኖት ጎን ለጎን የመኪና መለዋወጫ እየሸጡ ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። ሱቃቸውን ካከራዩ በኋላ ልደታ ኮንዶሚኒየም አንድ ሕንፃ ላይ ገቡ፤ ፈቃደ ሁለተኛ ፎቅ፣ ነስረዲን አራተኛ። በዓመት አንድ ጊዜ ጅቡቲ ወርደው ባሕር ላይ ዓሣ ያጠምዳሉ። ጀልባ የሚከራይላቸው የፈቃደ ልጅ አሌክስ ነው፤ እዚያው ወደብ ላይ ክሬን ይነዳል።

ፈቃደ ዓሣ አይወድም። ሽታውም አይስማማውም። ልጁ ግን ሥራ ስለሚበዛበት አዲስ አበባ አይመጣም፤ ስለዚህ አባት በዓሣ እያሳበበ ይሄዳል።

ኮሮና ይህን ሁለት ዓመት አስቀረበት። ዘንድሮ የክትባት ወረቀትና የምርመራ ውጤት የያዘ ሰው ድንበር ይሻገራል ተባለ። ፈቃደ ሁለቱንም ዙር ተወጋ። የጉዞው ብር ነስረዲን ዘንድ ነበር። ፈቃደ በሂሳብ ነገር ከራሱ ሌላ የሚያምነው ሰው እሱን ብቻ ነው።

ጥቅምት መግቢያ ላይ ነስረዲን ተለወጠ።

«እኔ አልወጋም» አለ፣ ሜክሲኮ ማኪያቶ ይዘው ተቀምጠው ሳለ።

«አብረን እንወጋ እያልክ ስትጨቀጭቀኝ የከረምከው አንተ አይደለህ እንዴ?»

«ደም ያረጋል እያሉ ነው።»

«አንተ ምን ደም አለህና? ያለህ ስኳር ብቻ ነው!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ነስረዲን የባሰ ይመልስለት ነበር። አሁን ማኪያቶውን ብቻ አማሰለ።

«ፌቄ፣ ዘንድሮ ይቅርብን። አሌክስም ሥራ በዝቶበታል። ትናንት ደውሎልኝ ነበር። ስልኩ ተበላሽቶ በሰው ስልክ ነው የደወለው። ሰላም በልልኝ ብሏል።»

«ለአባቱ ሳይደውል ለአንተ?»

«እንግዲህ በቃሉ የያዘው የእኔን ቁጥር ይሆናል።»

ፈቃደ ማታ ሞከረ። የልጁ ስልክ በእርግጥም ዝግ ነው። ሰብለወንጌል ወጥ ቤት በር ላይ ቆማ ባሏን ታየዋለች።

«ቋንጣው ደርቋል። ማን ሊያደርስለት ነው?» አለች።

«ነስረዲን መርፌ ፈርቶ እኮ ነው። ይሄ ሽማግሌ!»

በሳምንቱ ምድር ቤት የምትኖረው ደሚቱ ፈቃደን ደረጃው ላይ አገኘችው። ጤና ጣቢያ ትሠራለች።

«ጋሼ፣ ጓደኛዎ እንዴት ናቸው? ሰሞኑን አንድ ጊዜ የሚወጋውን ተከትበው፣ ወረቀቱን አሁኑኑ ስጡኝ ብለው ቁም ስቅላችንን አሳዩን።»

ፈቃደ እቤቱ ገብቶ ነገሩን አንድ በአንድ ደመረው። አልወጋም ያለ ሰው ተደብቆ ተወግቷል። በማግስቱ ደግሞ ሜክሲኮ ካለው ባንክ የወረቀት ከረጢት በኮቱ ሸፍኖ ሲወጣ ራሱ ፈቃደ አየው። ጠራው። ነስረዲን ሳይዞር ታክሲ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ አራተኛ ፎቅ ሲያንኳኳ ሚስቱ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ «ድሬዳዋ እህቱ ጋ ሄዷል» አለችው። ግባ እንኳ አላለችውም።

«ሠላሳ ዓመት ያልሰረቀ ሰው ዛሬ ይሰርቃል?» አለች ሰብለወንጌል።

«ሠላሳ ዓመት አጠገቡ እኔ ነበርኩ። አሁን ብቻውን ነው የሄደው።» አለ ፈቃደ። «ብሩንስ ይብላው። ግን ልጄን ሊያይ እኔን ጥሎኝ ይሄዳል? ሁለት ዓመት ሙሉ ቆጥሬ?»

ነስረዲን በዘጠነኛው ቀን ተመለሰ። ፊቱን ፀሐይ ለብልቦታል። ደረጃው ላይ ተገናኙ።

«ባሕሩ እንዴት ነበር?» አለ ፈቃደ።

ነስረዲን የደረጃውን ብረት ጨብጦ ቆመ። «ፌቄ፣ ነገ እንነጋገር።»

«ነገማ በሽማግሌ ነው የምንነጋገረው!»

«እሺ፣ በሽማግሌ ይሁን።» ዓይኑ ቀላ። ፈቃደ እፍረት ነው ብሎ ያዘው።

የዚያኑ ዕለት ለእድሩ ዳኛ ለአቶ ወልደአማኑኤል ደወለ። «ሁለት ሰው ጨምረው ይምጡልኝ። ነስረዲን ገንዘቤን በልቶብኛል» አለ። አቶ ወልደአማኑኤል፣ «በጠዋት እንመጣለን፤ ከቤት እንዳትወጣ» አለው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ። ፈቃደ የጠራው ሦስት ሰው ነው። ደረጃው ግን በሰው ሞልቷል። አሥራ አንድ ድረስ ቆጥሮ ተወው። ለእሱ ጉዳይ ይህን ያህል ሰው ማልዶ መምጣቱ ደስ አለው። ሁሉም ማስክ አድርገዋል፤ ፊታቸው አይነበብም። ደሚቱ ከሌሎች ሴቶች ጋር ገብታ በቀጥታ ሰብለወንጌል አጠገብ ተቀመጠች። ነስረዲን በሩ ሥር ቆሞ ቀረ።

«እንኳን መጣችሁ» አለ ፈቃደ፤ ክሱንም ጀመረ። ክትባቱን፣ ባንኩን፣ ድሬዳዋ የተባለውን ውሸት፣ የልጁን ስም ጭምር ለማታለያ መጠቀሙን አንድ ሳያስቀር ተናገረ። አንድም ሰው አላቋረጠውም። ነስረዲንም አልተከራከረም።

«እኔ ትርፍ አልፈልግም» ብሎ ጨረሰ። «የራሴን ሰማንያ ሺህ ብቻ ይመልስልኝ።»

አቶ ወልደአማኑኤል መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠና ሁለቱንም እጆቹን ያዘ።

መቶ ስድሳው ሺህ አልበቃም ነበር፤ ነስረዲን ከራሱ ሠላሳ ሰባት ሺህ ጨምሮ ነው የአሌክስን አስከሬን ከጅቡቲ ልደታ ድረስ ያመጣው።