መለኪያው ዘጠና ዘጠኝ ይላል

«ዘጠና ዘጠኝ... እማዬ፣ ኦክስጅንሽ ከእኔም ይበልጣል እኮ።»

ልጅ እናቱ ጣት ላይ የሰካውን መለኪያ ነቅሎ ኪሱ ከተተው።

«ራሴን ግን ያመኛል ልጄ... ፍልጥ ያደርገኛል።»

«መለኪያው ይዋሻል እንዴ? ትንሽ ተኚ በቃ።»

እናት ጋደም አለች... ሰው ማስቸገር አትወድም።

እሱም ቤቱ ፊት ለፊት ወደከፈተው ፎቶ ኮፒ ቤት ሮጠ። ያን ሰሞን መብራት የሚባል ነገር አልነበረም... ደንበኛ ደግሞ በር ላይ ተሰልፏል።

በማግሥቱም ራሴን አለች። በማግሥቱም ለካት... ዘጠና ዘጠኝ።

«አንተን ስታይ ነው የሚያማት» አለችው ሚስቱ። እሱም ሳቀ።

ማታ እራት ይዞላት ሲገባ ግን ብትጠራ አትሰማ፣ ብትነቀነቅ አትነቃ...

ሆስፒታል ደረሱ። ዶክተሯ ደሟን አስመርምራ ተመለሰች።

«እናትህ የሚተኙበት ክፍል አጠገብ ሞተር ነገር አለ?»

«አለ...» አለ ልጅ።

ጄኔሬተሩ። ደንበኞች «ጆሯችንን በላው» ሲሉት ጓሮ ወስዶ እናቱ መስኮት ሥር ያቆመው ራሱ ነው። እሷ እንደሆነ ጆሮዋ ደክሟል... ማንን ይረብሻል ብሎ።

«መለኪያው ግን ዘጠና ዘጠኝ ነበር...»

«ደም እንደ ታክሲ ነው» አለችው። «ከሳንባ ኦክስጅን ጭኖ ለመላ ሰውነት ያደርሳል። ሲመለስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይዞ ይመጣና በትንፋሽ ይወጣል። የጄኔሬተር ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን የኦክስጅንን ወንበር ይይዝና በቀላሉ አልወርድም ይላል። ያንተ መለኪያ ወንበሩ መያዙን እንጂ ማን እንደተቀመጠበት አይለይም።»

እናት ከቀናት በኋላ ነቃች... አእምሮዋ ግን እንደ ድሮው አልተመለሰም።

ልጅ አልጋዋ ጫፍ ተቀምጦ እጇን ያዘ። ትኩር ብላ አየችው።

«ይቅርታ... ልጄን ያውቁታል?»

«አውቀዋለሁ» አላት።

«ካገኙት ራሷን ያማታል ይበሉልኝ... ሥራ በዝቶበት ነው እንጂ ክፉ ልጅ አይደለም።»

...

ወገን፣ መሣሪያ ጥሩ ነው። ግን «ያመኛል» ያለን ሰው በቁጥር አፉን አናስይዘው። ጄኔሬተርም ሰው ከሚተኛበት መስኮት ይራቅ።

እናንተስ... ቤታችሁ ውስጥ «ያመኛል» እያለ ሰሚ ያጣው ማነው? ኮመንት ላይ ንገሩን... መጀመሪያ ግን ሄዳችሁ ጠይቁት።